ሊቀመንበሩ የተሸነፈባቸው ሁለት ምርጫዎች

ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ እለዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴን ይሆናል። እዚህ ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ። ለእሱ የነበረኝን አክብሮት እናቴ በተቀበረች ቀን ጨርሼዋለሁ።

የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ነበር። ሰፈራችን ከኮተቤ መንገድ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ዳገቱ ወደ እንጦጦ ጫካ የሚጀምርበት ነው። አገር አቀፉ ምርጫ ሲመጣ በግሉ ተወዳደረ። ፎቶውን በየምሰሶው ለጠፈ፤ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ሚኒባስ ይዞ እስከ ወሰን ሰፈር ድረስ ዞረ። ውጤቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ግን የገዛ ጎረቤቶቹ እንኳ እንዳልመረጡት ታየ።

ለምን እንዳልመረጡት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከጫካው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የሚያልፉባትን ቀጭን መንገድ በቆርቆሮ አጥሮ ከግቢው ቀላቅሏት ነበር። ሴቶቹ ከነሸክማቸው በገደሉ በኩል ዞረው ሲወርዱ ሁላችንም እናያለን። እነሱም የምርጫ ካርድ አውጥተው ነበር።

እሱ ግን ሌላ ምክንያት አገኘ። በሻይ ቤቱም፣ በታክሲ ሰልፉም፣ በለቅሶ ቤትም፣ “ያሸነፈኝ ሕዝቡ አይደለም፤ የውጭ እጅ ነው” ይል ጀመር። ሰዉ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ያልፈው ነበር። ሲደጋግመው ግን ሰሚ አገኘ። “የማን እጅ?” ብሎ ለሚጠይቀውም መልስ ነበረው፤ እኔን ያሳያል።

በምርጫው ሰሞን ለውጭ ታዛቢዎች አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ነጭ መኪና ጠዋት ከደጃችን ይወስደኛል፣ ማታ ይመልሰኛል። ከእኔ ጋር የነበሩት አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሴትዮዋን የአገራችን ከፍታ አልስማማት ብሎ ራሷን ይዛ ነው የምትውለው። ሽማግሌው ሾላ ገበያ አጠገብ መንገድ ተዘግቶብን ሲያይ ሰላማዊ ሰልፍ መስሎት ደነገጠ። “ገበያ ነው፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ነው” ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። በየጣቢያው አብዝቼ የተረጎምኩት ጥያቄ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ የሚጠይቀው ነው። እንግዲህ የእንጦጦን እንጨት ተሸካሚ አሳምነው ድምፅ ያስከለከሉት እነዚህ ነበሩ!

ኃያላን መንግሥታት እጃቸውን ከሰው አገር ይሰበስባሉ የምል የዋህ አይደለሁም። ማስረጃ ያለው ያምጣ፣ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ማስረጃ የሌለው ሰው ሲጮህ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሰማኝ፦ ጎረቤቶቹን ዓይን ዓይናቸውን አይቶ “ለምን ጠላችሁኝ?” ማለት ፈርቷል።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህንኑ አነሳሁት።

“ጋሼ፣ ድምፅ ሲቆጠር የእርስዎ ወኪል እዚያው ተቀምጦ አልነበረም? ምን ተደረገብኝ አለ?”

“አንቺ ዝም በይ! የማንን እንጀራ እንደምትበዪ እናውቃለን። መኪናቸው ደጅሽ ሲቆም ያላየ የለም።”

ከዚያ ወዲህ የጎረቤቱ ሰላምታ ቀዘቀዘብን። ከቤተ ክርስቲያን ከእማዬ ጋር የሚመለሱት ሴቶች ቀደም ቀደም እያሉ ጥለዋት መሄድ ጀመሩ። “ምን አድርጌያቸው ነው?” ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ልቧን ያማት ነበር፤ በዚያው ክረምት ሞተች።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩንባ ነፊ እየዞረ ያስታውቃል። ለእማዬ አልወጣም። ሳስጠይቀው “ሊቀመንበሩ ቆይ ብለውኛል” አለ። ድንኳኑም “ሌላ ለቅሶ ላይ ነው” ተባለ፤ እድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ግን በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ። ዝናቡ አያባራም። ከሆሳዕና መጥቶ ሰፈራችን ሱቅ የከፈተው ጎረቤታችን፣ እህል የሚሸፍንበትን ሸራ አምጥቶ ከጣሪያችን እስከ አጥሩ ወጠረልን። ለቀስተኛው እዚያ ሥር ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ዳር ያለው ትከሻው እየራሰ።

ሊቀመንበሩ ከቀብር በኋላ መጣ። “እግዜር ያጥናሽ” አለኝ።

“አሜን፣ ጋሼ” አልኩት። እጁን እንደጨበጥኩ፣ በሰው ፊት ሳላዋርደው እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ።

ቸኩዬ አላበላሸሁትም። የእማዬ አርባ ካለፈ በኋላ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። አንድም ክፉ ቃል አልተናገርኩበትም። “እናንተስ ቤት ለቅሶ ሲመጣ፣ ተቀይሟችሁ ቢሆንስ?” ብቻ እላለሁ። ሰዉ ነገሩን እስኪያብላላው ጠብቄ ተሰናብቼ እወጣለሁ። በእሱ ቦታ እንዲገባ ያጨሁት ባለ ሱቁን ነበር።

“እኔን ማን ይመርጠኛል? መጤ ነኝ እኮ” አለኝ።

“የዚህ አገር ተወላጅ ድንኳን ሲከለክለኝ አንተ ነህ ያስጠለልከኝ” አልኩት። “እንግዲያው እሺ” አለኝ።

ዓመታዊው ስብሰባ ሲደርስ ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ገብቶ ነበር። ምርጫው በምስጢር፣ በወረቀት ይሁን ስል ብዙ ሰው ደገፈኝ። “እንግዲያው ቆጣሪው ከመካከላችን አይሆንም፤ እሷ ሰዉን ሁሉ ይዛዋለች” ብሎ፣ ወሰን ካለ ሌላ እድር ሁለት ሽማግሌዎች ታዛቢ ሆነው እንዲመጡ ጠየቀ። ሄዶ የለመናቸውም እሱ ራሱ ነው። አልተቃወምኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

በስብሰባው ቀን ፊቱን በደንብ የማይበትን ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ከባልዲው እያወጡ፣ እየገለጡ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። ባለ ሱቁ፣ ባለ ሱቁ፣ አሁንም ባለ ሱቁ። የሊቀመንበሩ ስም አልፎ አልፎ ብቻ ይጠራል። መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ኋላ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎም አልጨረሰ።

ቆጠራው ሲያልቅ ብድግ አለ። “ይህ ውጤት የእኛ አይደለም! የውጭ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል!”

ከታዛቢዎቹ አንዱ ባልዲውን እንደያዙ ቀና አሉ። “የውጭ ሰዎች የሚሉት እኛን ነው? ከወሰን እኮ ነው የመጣነው፣ በታክሲ።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ተነስታ፣ “መንገዴን በቆርቆሮ ያጠረውስ የውጭ እጅ ነው?” አለችው። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። እኔ አልሳቅኩም። እስኪያየኝ ድረስ አፍጥጬ ጠበቅኩት። አየኝ። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

የንስሐ አባቴ ታረቂው ይሉኛል። እሺ እላቸዋለሁ፤ ቀኑን ግን አልቆርጥም።

በቀደም በኮተቤ መንገድ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ ቆሞ ለማያውቀው ሰው የእድራችን ምርጫ እንዴት እንደተጠለፈ ሲያስረዳ ሰማሁት። ሰውየው “ውይ፣ በእድርም ገቡ?” እያለ ያዝንለታል። ዞሬ ላርመው አልኩና ተውኩት። ሚኒባሱ ሲመጣ የቀረው አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ነበር። እሱ እግሩን ሲያነሳ ቀድሜ ገባሁ። እስከ መገናኛ ድረስ ደስ እያለኝ ሄድኩ።