የጎን ጠባሳ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ኡምኩልሱም የምትባል ባልቴት ነበረች። ሥራዋ ጣፊያ መተኮስ ነው። ንዳድ ያደቀቀውን ሰው በጀርባው አስተኝታ፣ ግራ ጎኑን ከጎድን አጥንቱ ሥር በጣቶቿ ትዳስሳለች። ጣፊያው አብጦ ወደ እምብርቱ ከወረደ፣ ጫፉን በከሰል ታሰምርበትና በጋለ ብረት ትተኩሰዋለች። ከዚያም «ከባድ እንዳይሸከም፤ ማንም ጎኑን እንዳይመታው። ያበጠ ጣፊያ ከተመታ ይፈነዳል» ትላለች። መተኮሱ ማንን እንዳዳነ እንጃ፤ ምክሯ ግን ብዙ ሰው አትርፏል።

በዚያ ዘመን የመንደሩ ሰው ለገዢው ግብር ወንዝ ወርዶ ወርቅ እንዲያጥብ ይገደድ ነበር። የወንዙ አለቃ ዓብዱልባሲጥ የጎን ጠባሳ ያለውን ሰው ይተወው ነበር። አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ውስጥ የሚሞት ሰው ሥራ ስለሚያስፈታበት ነው። የኡምኩልሱም አንድያ ልጅ ኻሚስም ሆዱ እንደ ቅል ተነፍቶ፣ እግሩ ሰልሎ፣ በጠባሳው ምክንያት ቤት ይውል ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ሻዕባን መጣ። ጤነኛ ነው።

«እናቴ፣ እኔንም ተኩሺኝ። ያ ወንዝ ወንድሞቼን በልቷል» አላት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አሳዘናትና ተኮሰችው። ወሬው አልቆየም፤ ሌሎችም መጡ፤ መመለስ አቃታት።

ዓብዱልባሲጥ ወንዙ ዳር ሰው ሲያጣ ነገሩ ገባው። ጠባሳ ያለውን ሁሉ አሰልፎ «ውሸታሙን አሁን እናውቃለን» አለና የመጀመሪያውን ሰው ግራ ጎኑን በጡጫ መታው። ሰውየው ተንበርክኮ ተነሳ። «ወደ ወንዝ!» ሻዕባንም ተመታ፤ ተነሳ፤ ወደ ወንዝ ተነዳ።

ኡምኩልሱም ከአለቃው እግር ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ ስለ እነሱ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ኻሚስ ግን በእውነት በሽተኛ ነው። በአላህ ልለምንህ፣ በእጅህ ዳስሰው እንጂ አትምታው!»

«እነሱንም በሽተኞች ናቸው ብለሽ ነበር» አላትና ልጇን መታው።

ኻሚስ ቁጭ አለ፤ ከንፈሩ ነጣ፤ ላብ አጠመቀው። እናቱ ስትዳስሰው ሆዱ ከእጇ ሥር እየተወጠረ ሄደ። ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ማወቅ ምን ይረባል! ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ዓብዱልባሲጥ ሬሳውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህኛውስ እውነትሽን ነበር» አላት። ቀጥሎም የወርቅ ማጠቢያ ገበቴ እግሯ ሥር ወረወረና «ቀብረሽው ስትጨርሺ በእሱ ፈንታ አንቺ ትወርጃለሽ» አለ።