ፋንቱ እና በረኪናው

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን 2013 ይመስለኛል። ወይስ አሥራ ዘጠኝ? ሐሙስ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ለኮሮና የታወጀው የዓርቡ ሰዓት እላፊ ሳይጀምር ሰው ሁሉ ዳቦ ለመግዛት ይሯሯጥ ነበር። በዚያ ቀን ፋንቱ ኡም ሱማቅ የሚባለው ሰፈር ከምታጸዳው ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች።

ፋንቱ እዚህ አረብ አገር እንደ እኛው በሰዓት እየተከፈላት የሰው ቤት ታጸዳለች። ከባዩሽና ከእኔ ጋር ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ከሁለት ዓመት በፊት የማሕፀን ካንሰር ይዟት ማሕፀኗ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። «ድኛለሁ» አለችን፤ አመንን።

ራሷን ማመም የጀመራት ነሐሴ ላይ ነው። ኮሮና ከገባ ወዲህ ማዳሞቹ የበር እጀታ ሳይቀር በበረኪና ያስወለውሉን ስለነበር ራስ ምታት የሌለባት አልነበረችም። «በረኪናው ነው» አልናት። ስታስመልስ በረኪናው ነው። ግራ እጇ ኩባያ ሲጥልም በረኪናው ነው። በረኪና የማታስነካ ማዳም አፈላልገን ቤት አስቀየርናት።

«ፋንትዬ፣ ሽታ የምትመርጥ ልዕልት ሆንሽብን!» ትላታለች ባዩሽ።

«ቅናት ነው» ትላለች ፋንቱ፣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ።

ከወደቀች በኋላ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ የራሷን ስካን እያሳየ በአረብኛ ነገረኝ፤ እኔ በአማርኛ ነገርኳት። የማሕፀኑ ካንሰር አንጎሏ ውስጥ ገብቷል፤ ከአንድ ቦታ በላይ። ጨረር ዕድሜ ሊጨምር ይችላል፤ አያድንም። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

«ስም እረሳለሁ ወይ በይው» አለችኝ።

ሊሆን ይችላል አለ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጨረር መስማት አልፈለገችም። ደሴ ያለችው ልጇ ዳግማዊት፣ ትታት ስትመጣ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ጭንቀቷ አንድ ነው፤ ልጇን ሳታያት ስሟ እንዳይጠፋባት። እኔን ደጋግማ «ባዩሽ» ብላኛለች።

«ጨረሩን እዚሁ ጀምረሽ ብትሄጂስ?» አልኳት።

«ስሟን ረስቼ ብከርምስ የማን እናት ልባል?»

ሐኪሙ ለአንጎሏ እብጠት የሰጣትን ክኒን እየዋጠች የአገር ቤት ትኬት ቆረጠች። ማናችንም አላለቀስንም። ባዩሽ የፋንቱን ልብስ አጣጠፈች፤ እኔ ሻንጣውን ታክሲው ላይ ጫንኩ። ፋንቱ ማስኳን ከፍ አድርጋ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች።

ዳግማዊት የእናቷን መታመም ታውቅ እንደሆነ፣ ወይስ ጤነኛ እናት ልትቀበል እየጠበቀች እንደሆነ ልጠይቃት ጎንበስ አልኩ።

«ያላ!» አለ ሾፌሩ፤ ሳልጠይቃት ሄዱ።