ሹሩባ ውስጥ የገባው ብሎን

መነጽሬን የምጠግነው ራሴ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ሌላ ሰው እንቢ ስላለኝ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መነጽር ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። ሰውዬው የሞተ አይጥ ያነሣ ይመስል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ገለባበጠውና፣ "ይሄ እኮ አልቆለታል፣ አዲስ ፍሬም ግዢ" አለኝ። "ለአንተ ነው ያለቀለት፣ እኔ ገና እያየሁበት ነው" ብዬ ተቀብዬው ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ አንዱ እግሩ ወልቆ ወደቀ። አነሣሁት እንጂ ዞሬ አላየሁም፤ እንደሚስቅ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ በቃ፣ በእኔ እጅ ነው። መጀመሪያ ሱፐር ግሉ አደረግሁበት። የሙጫው ጭስ የቀኙን መስተዋት ጥግ አነጣው፤ ካዛንቺስም እስከ ዛሬ ድረስ በቀኝ በኩል ጉም እንደወረደባት አለች። እግሩ ደግሞ አልታጠፍ አለ። ማታ ኮመዲኖ ላይ ሳስቀምጠው እጁን ዘርግቶ የሚለምን ይመስል ነበር። ሙጫውን በምላጭ ፍቄ እስካነሣው አንድ እሑድ ሙሉ ሄደብኝ፤ ከዚያ በኋላ ሙጫ የሚባል ነገር አላስጠጋሁትም።

ቀስ እያልኩ ግን ሙያው ገባኝ። ፍሬሙ ሲጣመም ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነከር አድርጎ በእጅ ማቅናት ነው። መስተዋቱን በልብስ ጫፍ መጥረግ መቧጨር ነው፤ ውሃና ጠብታ የዕቃ ሳሙና ይበቃዋል። ብሎኑ ሲላላ በቢላ ጫፍ ጥብቅ አድርጎ፣ እላዩ ላይ አንዲት ነጥብ የጥፍር ቀለም ጣል ማድረግ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል። ችግሩ፣ እስኪደርቅ አሥር ደቂቃ መጠበቅ አለ። እኔ ደግሞ ምስር እስኪበስል ድስቱን ስምንት ጊዜ የምከፍት ሰው ነኝ።

ያን ረቡዕ ጠዋትም ብሎኑ ላልቶ ነበር። አጠበቅሁት፤ ቀለሙን ግን "ማታ እቀባዋለሁ" ብዬ ሮጥኩ።

ሥራዬ ሹሩባ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ነው ካዛንቺስ እዚህ ሳሎን የገባሁት። ግራና ቀኛችን ያሉት ቤቶች ፈርሰው እኛ መሀል ላይ እንደ አንድ ጥርስ ቀርተናል። እጄ ጥሩ ነው፣ ይህን አለቃዬም አትክድም። ሆኖም ሙሽራ ሰጥታኝ አታውቅም። ለመልስ ሹሩባ ሌሎቹ ልጆች ሙሽራዋ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ እኔ ሳሎን ጠባቂ ነኝ። ምክንያቱ አፌ ነው። አንዴ አንዲት ደንበኛ ሠርቼ ስጨርስ "ያምርብኛል?" አለችኝ። "ጆሮሽን ብንሸፍነው ይሻላል" አልኳት። የጠየቀችኝ እሷ ናት እኮ።

የዚያን ረቡዕ ግን ሌሎቹ ሁለቱም አልነበሩም። ከመስቀል ፍላወር የመጡ አንዲት እናት ገቡ። ሻሽ አስረዋል፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ ነው፣ ሲቀመጡ ወንበሩን በመሐረብ ጠረግ አድርገው ነው። የልጃቸው ሠርግ በሚመጣው እሑድ፣ መልሱ ሰኞ ነው። ሙሽራዋን የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

"መጀመሪያ እጇን በእኔ ጭንቅላት ልየው" አሏት ለአለቃዬ። "ከወደድኩት ልጄን ትሠራታለች። ካልወደድኩት የምሄድበት አላጣም።"

አለቃዬ ወደ ጓዳ ሳበችኝ። "ስሚ፣ አንቺ ልጅ፣ ይቺን ካበላሸሽ ዕድሜ ልክሽን ሙሽራ በፎቶ ነው የምታያት። ዛሬ አፍሽን ዝጊ። ቢጠይቁሽም ዝጊ።"

"ቢያስነጥሱስ? ይማርዎት አልላቸውም?"

"እሱንም እኔ እላለሁ።"

እሺ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሙሽራ ከልቤ ፈልጌአት ነበር። የሰው ጆሮ ስሸፍን ብቻ መኖር አልፈልግም።

ሻሻቸውን ሲፈቱ ቅቤ ነው፤ ለጋ ቅቤ፣ ትናንት የተቀቡት። አለቃዬ "ይታጠብ ይላሉ?" ብትላቸው፣ "ከአገር ቤት የመጣ ቅቤ በሻምፖ የሚያጥብ አእምሮ የለኝም" አሏት። በቃ፣ በቅቤው ላይ ጀመርኩ። ከቀኝ ጆሯቸው በኩል ተነሥቼ፣ በማበጠሪያው ጭራ መስመር እያወጣሁ፣ አንድ በአንድ። ጣቴ ሁሉ ቅቤ ሆነ። መነጽሬ ሲንሸራተት በክንዴ እገፋዋለሁ፣ በክንዴ ስገፋው ክንዴም ላይ ያለው ቅቤ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። በጉሙ ላይ ቅቤ ተጨመረ። ቢሆንም ቀኙን ጨረስኩ።

መሀል አናታቸው ላይ ስደርስ፣ እንደገና በክንዴ ገፋ ሳደርገው፣ የግራ እግሩ ተለይቶኝ ሄደ። መነጽሩን በአገጬና በደረቴ መሀል ያዝኩት። እግሩን ከትከሻቸው ላይ አነሣሁ። ብሎኑ ግን የለም። ወለሉን አየሁ፣ የለም። ፎጣቸውን አየሁ፣ የለም። ከዚያ የቀረ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ቅቤ የጠጣ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሙሽራ እናት ጠጉር።

ሌላ ቀን ቢሆን "እናቴ፣ ብሎኔ ጭንቅላትዎ ውስጥ ገብቷል" እል ነበር። ግን አፍሽን ዝጊ ተብያለሁ። በሕይወቴ የታዘዝኩት ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሱም በማይታዘዙበት ሰዓት። መነጽሩን ሽርጤ ኪስ ከትቼ ቀጠልኩ።

የእኔ ዓይን እንዲህ ነው፤ ከአንድ ክንድ ወዲያ ያለ ሰው ቀለም ብቻ ነው። አፍንጫዬ ሥር ከሆነ ግን የጉንዳን ቅንድብ እቆጥራለሁ። ስለዚህ ወደ ጭንቅላታቸው ተጠጋሁ። ተጠጋሁ ስል፣ አፍንጫዬ ሊነካቸው ትንሽ እስኪቀረው። ግማሹ መጎንጎን ነው፣ ግማሹ ብሎን ፍለጋ። እስትንፋሴ ማጅራታቸው ላይ ሲያርፍ ትከሻቸው ከፍ ይላል። እኔም መሥመሩን ለማየት የባሰ እጠጋለሁ። እንዲህ ሆነን ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን።

በመጨረሻ በዝግታ ጠየቁ፤ "ልጄ፣ ቅቤው ሸተተሽ?"

ዝም አልኩ። አለቃዬ ከገንዘብ መቀበያ ጠረጴዛዋ ጀርባ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እኔ የማንም አፍንጫ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ የምሄድ ሰው አይደለሁም" አሉ። "ከሸተተሽ ሸተተኝ በይኝ። ታሸቺና ትመለሻለሽ፣ ታሸቺና ትመለሻለሽ። ምንድን ነው እሱ? ልጄንም እንዲህ እያሸተትሽ ልትሠሪያት ነው?"

ፊታቸው ከመስተዋቱ ውስጥ ለእኔ ቡና ዓይነት ቀለም ብቻ ነበር፤ ድምፃቸው ግን በደንብ ታየኝ። ሙሽራዬ እየሄደች ነው። በዝምታም ልትሄድ ከሆነ፣ በንግግር ትሂድ አልኩ።

"እናቴ፣ ቅቤዎ አልሸተተኝም። ማለቴ፣ ይሸታል፣ ቅቤ ነዋ። እኔ ግን እያሸተትኩ አይደለም፣ እያየሁ ነው። መነጽሬ ተሰብሯል። ብሎኑም ጭንቅላትዎ ውስጥ ነው።"

አለቃዬ "ወይኔ" አለች፣ ቀስ ብላ።

እሳቸው እጃቸውን ወደ አናታቸው ላኩ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመሀል አናትዎ ጀምሮ።"

"እና ጎንጉነሽ ዘጋሽበት?"

"ዝም በይ ስለተባልኩ።"

"ማነው ያለሽ?"

ዓይኔ ባያይም አለቃዬ የት እንዳለች ስለማውቅ በማበጠሪያው ጠቆምኳት።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ከመሀል ሦስት ጉንጉን ፈታን። እኔ አፍንጫዬን ጠጉራቸው ውስጥ ከትቼ፣ አለቃዬ ደግሞ ወረንጦ ይዛ ከላይ ቆማ። በመስተዋት በሩ በኩል መንገደኛ ሲያልፍ የሚያየው ምን እንደሆነ ያሰብነው ቆይቶ ነው። ያሰቡት መጀመሪያ እሳቸው ናቸው።

"በሩን ዝጉት" አሉ። "ሰው ቅማል የምትለቅሙልኝ ነው የሚመስለው። በልጄ ሠርግ ሳምንት።"

አለቃዬ መጋረጃውን ልትስብ ስትሄድ አንዲት ደንበኛ በሩን ገፍታ ገባች። ለእኔ ቀለም ብቻ ብትሆንም፣ ሁለታችንን፣ ወረንጦውንና የተፈታውን ሻሽ አጥብቃ ያየች መሰለኝ፣ "ሌላ ቀን እመለሳለሁ" ብላ ወጣች።

"ንገሪያት እንጂ፣ ብሎን ነው በያት" አሉ እሳቸው።

"ብሎን ነው" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ልጅቷ ግን መንገዱን ተሻግራ ነበር። ብትሰማስ? ብሎን ጭንቅላቱ ላይ የተገኘ ሰው ቅማል ከተገኘበት ይሻላል ያለው ማነው?

ብሎኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በሁለተኛው ጉንጉን ሥር፣ በቅቤ ተጠቅልሎ፣ ከሰሊጥ ፍሬ አንሶ። በወረንጦ አወጣሁት፣ አጠብኩት፣ እዚያው ቆሜ ገጠምኩት፣ መስተዋቱንም በሳሙና አጥቤ አደረግሁት። ቀና ስል ነው ጭንቅላታቸውን በሙሉ መጀመሪያ ያየሁት።

ቀኙ፣ በመነጽር የሠራሁት፣ የሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ሰልፍ ነው፣ ግን የሚገፋፋ አለበት። ግራው፣ በአፍንጫዬ የሠራሁት፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሹሩባ ሠርቼ አላውቅም። አለቃዬ የእጅ መስተዋቱን ከኋላ ይዛላቸው ነበር፣ እሷም አይታዋለች።

እሳቸው በጣታቸው ጫፍ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ዳሰሱ። ደገሙት።

"የቱን ነው ያለ መነጽር የሠራሽው?"

"ግራውን።"

"ቀኙን ፍቺው" አሉ። "መነጽርሽንም አውልቂው።"

አወለቅሁት። ቀኙን ከመጀመሪያው ፈትቼ እንደገና ሠራሁ፣ የፈታነውንም መሀል መለስኩት፣ እንደ ቅድሙ በአፍንጫዬ ተደግፌ። አሁን ትከሻቸው አልተነሣም። እንዲያውም መሀል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲነሡ ሻሻቸውን በእጃቸው ያዙ፣ አላሰሩትም። "ሰኞ ጠዋት ልጄን አንቺ ነሽ የምትሠሪያት" አሉኝ። "ግን ያንን መነጽር ይዘሽ እንዳትመጪ።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ።

"ታዲያ ቤታችሁን በምን ላገኘው?" አልኩ። "ያለ እሱ የታክሲ ታፔላ እንኳ አይታየኝም።"

አለቃዬ ከኋላ እግሬን ረገጠችኝ። እሳቸው ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ወደ በሩ ሄዱ።

"መኪና ይላክልሻል" አሉ። "ሹፌሩ ያያል።"