ቢሮው ኮረብታ ላይ፣ መጋዘኑ ወንዝ ዳር

በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መጋዘኑን ሄጄ አላየሁትም። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ሰበብ ፍለጋ እንዳልገባ።

የምሠራው በሰው አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚባል የፋብሪካ ሰፈር ካሉት የምግብ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ሶስ በጠርሙስ እናሽጋለን። የእኔ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ በጊዜው እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ቲማቲሙ፣ ጠርሙሱ፣ ካርቶኑ፣ ክዳኑ። ሰው ክዳንን ይንቃል። ክዳን ከሌለ ግን ማሽኑ ይቆማል፣ አለቃዬም ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ይቆማል፤ ያን ቀን እኔን ማናገር አይመከርም።

ክዳን የሚያቀርብልን አንድ ድርጅት ብቻ ነው። የመጋዘኑ ጠባቂም ገቢ ወጪ መዝጋቢውም አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ፤ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ብቻቸውን የሚውሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። የምንገናኘው በስልክና እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአለቆቻቸው ጋር በኢሜይል ሦስት ቀን የሚፈጀውን እኛ በሦስት ደቂቃ እንጨርሰዋለን።

«ጋሼ፣ ለረቡዕ ይደርሳል?»

«ይደርሳል ልጄ፤ አንቺ ብቻ አትቆጪ።»

ዓመሌን ያውቁታል።

ቅዝቃዜው ሊገባ ሲል አለቃዬ አቅራቢዎቻችንን ሁሉ በጎርፍ ካርታ ላይ ቼክ እንዳደርግ አዘዘኝ። ካርታው ከባድ ነገር አይደለም። ፖስት ኮድ፣ የአድራሻውን የፖስታ ምልክት፣ ታስገባለህ፤ ወንዝ የሚያሰጋው ቦታ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል፣ የማያሰጋው ነጭ። በፋይላችን ያሉትን አድራሻዎች አንድ በአንድ አስገባሁ። የክዳኑ ድርጅት ስትሪትሃም በሚባል ሰፈር፣ ከፍታው ላይ ነው። ነጭ። «አያሰጋም» ብዬ ጻፍኩ።

ያ አድራሻ ግን የቢሮው ነው፤ ከሱቅ በላይ ያለች፣ ደብዳቤ የሚላክባት ሁለት ክፍል። ክዳኑ ያለው ቁልቁል ወርዶ፣ አንዲት ወንዝ ለመባል የማትበቃ ወንዝ ዳር ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ከዚያ በስክሪን ስብሰባ ሆነ። የእኛ አለቆች፣ የእነሱ አለቆች፣ ጋሼም ከመጋዘኑ በስልካቸው ገብተዋል። ካርታዬን አሳየሁ። ስጋት እንደሌለ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ፤ እንዲያውም ለብርዱ ወራት የሚበቃ ክዳን እዚያው ይከማች አልኩ። አለቃዬ ጋሼን የሚጨምሩት ነገር እንዳለ ጠየቃቸው። «የለም፣ እሷ ያለችው ልክ ነው» አሉ በእንግሊዝኛቸው።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ባለፈው ዓመት ውሃው የመጋዘኑን ደፍ አልፎ ገብቶ ነበር። ራሳቸው በመጥረጊያ አስወጥተውታል። ይህን እዚያ ቢናገሩ እኔ ልዋረድ ነው፤ ስለዚህ የአገሬን ልጅ ፈረንጅ ፊት አላሳፍርም፣ እሑድ በጆሮዋ እነግራታለሁ ብለው ያዙት። እሑድ ደግሞ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከእህቴ ጋር ተኳርፌ ቤቴ ተኝቼ ዋልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝናቡ ጀመረ። ሰኞ ደወልኩ፤ ደህና ነው አሉ። ማክሰኞ ደወልኩ፤ «የፍሳሽ ቱቦው ጉርጉር ይላል፤ ደህና ነው» አሉ። ረቡዕ «ካርታሽ ዛሬም ነጭ ነው?» ብለው ሳቁ። ነጭ ነው አልኩ፣ ሳልከፍተው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ሐሙስ ቀትር ላይ ስደውል ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

«ካርቶኑን ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያወጣሁ ነው።»

«ለምን?»

«ትንሽ እርጥበት ነው።»

ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። «ጋሼ፣ የት ደርሷል?»

«ጉልበት።»

«ይውጡ! ክዳኑ ገደል ይግባ!»

«ያልሽው ውሸት እንዳይሆን ነው፣ ልጄ» አሉ። ስልኩ ተቋረጠ።

እሳት አደጋ ደወልኩ። ሴትዮዋ አድራሻ ጠየቀችኝ። ከአፌ የወጣው ፋይሌ ላይ ያለው ነው። ስልኩን ዘግቼ ጃኬቴን ስለብስ ነው የገባኝ፤ ሰዎቹን ወደ ኮረብታው ልኬያቸዋለሁ። ትክክለኛውን ከስትሪትሃሙ ቢሮ ለምኜ እስካገኝ፣ እንደገና እስክደውል፣ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም፤ ፈርቼ ነው።

ሲደርሱላቸው የካርቶን ክምር ላይ ተቀምጠው ውሃው ደረታቸው ጋ ነበር። ተረፉ። ሳንባቸው ግን እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ደረጃ አይወጡም። የአምናውን ውሃና የስብሰባውን ዝምታ የነገሩኝ ሆስፒታል ተኝተው ነው። አልጋቸው ሥር ቁጭ ብዬ የመጋዘኑን ፖስት ኮድ በስልኬ አስገባሁ። ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ነው።

አለቆቻቸው ፎርም ይዘው መጡ። ውሃ እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር ብለው ጠየቁ። «እኔ። አውቄ ዝም ብያለሁ» አሉ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔም ነው ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨበጥ አደረጉት። ዝም አልኩ። እሳቸው ዝም ያሉት ለእኔ ነው፤ እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ።

በሳምንቱ ከሥራ አሰናበቷቸው። ሪፖርቱ ፍሳሽ ተደፍኖ እንደነበርና ኃላፊው እንዳላሳወቁ ይናገራል። ስለ ወንዟ አንድ ቃል የለበትም። የወንዟ ነገር ከተነሳ እኔ ካርታው ላይ ያስገባሁት የተሳሳተ አድራሻም ይነሳል። ፍሳሹ ተጠረገ፣ መጋዘኑ ደረቀ፣ ክዳኑ ተመልሶ ገባ።

አሁን እሑድ እሑድ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፦ «ልጄ፣ ካርታውን አስተካከልሽው?»

«አዎ ጋሼ» እላለሁ።

አላስተካከልኩትም።

በእሳቸው ቦታ አንዲት ሴት ተቀጥራለች። እሷም ብቻዋን ነው የምትውለው። ከሰኞ ጀምሮ እየዘነበ ነው። ዛሬ ጠዋት ስደውልላት፣ ወለሉ ሥር ጉርጉር የሚል ነገር አለ፣ ልማዱ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለቃዬ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሟል። «ውጪ፣ አሁኑኑ ከዚያ ውጪ» ልላት ይገባኝ ነበር። እኔ የጠየቅኳት ክዳኑ ለረቡዕ ይደርስ እንደሆነ ነው።