የለቅሶው ድንኳን አግዳሚዎች

ስለ እሷ ለመጻፍ የዘገየሁት ስለ ራሴም መጻፍ ስለሚያስገድደኝ ነው።

መልካሳ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል በሠራሁባቸው ዓመታት እሷ ሠዓሊያችን ነበረች። የማሽላ ራስ፣ ዋግ የመታው የቦሎቄ ቅጠል፣ የተባይ እንቁላል በውኃ ቀለም ትሥልልን ነበር። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ሥራዋ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ አዳማ ከሚገኝ አንድ የቴአትር ክበብ ጋር መሥራት ጀመረች፤ ቀስ በቀስም በቴሌቪዥን ድራማዎች የምትታይ ሆነች። መሪ ተዋናይት አልሆነችም፤ ድርሻዋ ጨካኝ አከራይ፣ ነገረኛ አማት፣ የሰፈር ሐሜተኛ መሆን ነበር። ተክል በምታይበት ዓይን ሰው ማየት ጀመረች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እሁድ እሁድ ከባለቤቴና ከእኔ ጋር ምሳ ትበላ ነበር። አንድ ጊዜ ባዶ ዘንቢል ይዛ እየሳቀች ገባች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቲማቲም ተከለከልኩ!»

«ማን ከለከለሽ?»

«ባለጉሊቷ ናታ! ‹ያቺን የመሰለች ምራትሽን በዝናብ አባርረሽ ከእኔ ቲማቲም? ዴሚ! ሂጂልኝ!› አለችኝ።»

ባለቤቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ባለቤቴ ስታርፍ የእድሩ ድንኳን በራችን ላይ ተተከለ። እኔ አላለቀስኩም። ለቀስተኛ በተነሣ ቁጥር የተዛነፉትን አግዳሚዎች አቃናለሁ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀትም በእርምጃ እለካለሁ። የሙከራ ማሳዎቻችንን ዕድሜ ልኬን የለካሁት እንዲሁ ነበር። ከጀርባዬ «ልበ ደንዳና ናቸው» ሲባል ሰምቻለሁ። ሠዓሊዋ ወዳጃችን ሦስቱንም ቀን ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር።

በዓመቱ በአንድ ድራማ ባሏ የሞተባትን ሴት ሆና ቀረበች። አላለቀሰችም። ከለቀስተኛው መካከል ተነሥታ አግዳሚዎቹን ታቃና፣ ርቀታቸውን በእርምጃ ትለካ ጀመር። በሰው ፊት ልብሴን የተገፈፍኩ መሰለኝ።

እሁድ መጥታ «አዩት?» አለችኝ።

«ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል።»

አምናኝ በማግስቱ ጠጋኝ ይዛ መጣች። ሰውየው ማብሪያውን አንድ ጊዜ ተጫነና አበራው። «አባባ፣ ይሄ ምኑ ተበላሸ?» አለ። እሷ ወደ እኔ አላየችም። ሰውየውን አመስግና ሸኘችው፤ ተከትላውም ወጣች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፤ እኔም አልጠራኋትም። ከእሷ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ እንግዳ አልነበረኝም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በቀደም ከእድር ስብሰባ ስንወጣ ጸሐፊያችን ድራማው በድጋሚ መታየቱን አንሥተው፣ «ያቺ ሴትዮ አግዳሚ ስታቃና አላስለቀሰችዎትም? እኔስ አልቻልኩም» አሉኝ። ድንኳኑን በደጄ ያስተከሉት እሳቸው ነበሩ፤ «ልበ ደንዳና» ካሉኝም አንዱ ናቸው። ነገሩን ከእኔ ጋር አላገናኙትም። በዚያ ድንኳን ውስጥ ማልቀሴን ያየ አንድ ሰው ብቻ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩላት።

«አይቼዋለሁ» አልኳት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«መቼ?» አለች።

«የታየ ዕለት።»

«ተቀይመውኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ሳልጠይቅዎት ወሰድኩብዎት፣ ጋሼ። ብጠይቅዎት እምቢ ይሉኝ ነበር።»

«እምቢ እልሽ ነበር።»

ለቀረጻ ባቱ፣ ሐይቁ ዳር እንደሆነች ነገረችኝ፤ መቼ እንደምትመለስ አታውቅም። «ስትመለሺ ነዪ» ልላት ስል ከወዲያ ሰዎች ጠሯት። «ይቅርታ፣ ልዘጋ ነው» አለች።

ነገ መልሼ እደውላለሁ ብያለሁ። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነበር።