በቀሐ የሰማሁት ስም

ባሌ በሞተ ዕለት ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። የሁለታችንም ነፍስ አባት የነበሩት መነኩሴ ካረፉ ቆይተዋል። እናቱም በሕይወት የለችም። ታላቅ እህቱ አዲ አርቃይ ናት፤ ያን ሰሞን መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ነበር። የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳላመነታ ተናገርኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። ይህን ሲጠየቁ የሚደናገሩ ሚስቶች አይቻለሁና።

ስሙን እንዴት እንደነገረኝ አልረሳም። ከመጋባታችን በፊት፣ በጥምቀት ማግስት፣ እዚሁ ጎንደር ቀሐ ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የራሰ ካልሲውን እየጨመቀ ነበር። «ቄስ ቢጠይቅሽ እንዳታሳፍሪኝ» ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ይህን ታሪክ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ለእንግዳ አውርቻለሁ፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ይስቃል። ስሙን ግን በወሬ መሃል አልጠራም ነበር፤ የክርስትና ስም ለጨዋታ አይሆንም። በሽማግሌ ነው የተጋባነው፣ አብረን ቆርበን አናውቅም። ስለዚህ ሌላ የምሰማበት ቦታ አልነበረኝም።

መንገዱ ሲከፈት እህቱ ለአርባው ደረሰች። ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆምን። ዲያቆኑ «ነፍሰ ገብርከ» ብሎ ስሙን ሲጠራ ክርኗ ጎኔን ወጋኝ።

«ማንን ነው የሚፈቱት?»

«ወንድምሽን ነዋ፣ እታለም።»

«የወንድሜ ስም ይህ አይደለም። ክርስትና ሲነሳ አዝየው የሄድሁ እኔ ነኝ።»

ነጠላዬን ጎትታ ወደ ቅጥሩ አወጣችኝ። የቀሐውን ነገርኳት። ሳቀች፤ ጥቁሯን እንደለበሰች ሳቀች።

«እስኪያገባሽ ድረስ አንድም ጥምቀት ጎንደር አላከበረም። እኛ ዘንድ ነበር የሚመጣ። ምነው አንች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠረጠርሽም?»

«ሳወራው ይስቅ ነበር እኮ።»

«ይስቃላ! ‹የሌላ ሰው ወሬ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሸጋ ወሬ ነው፣ ተቀበልኋት› ይለኝ ነበር። አንችን ላለማሳፈር።»

ዋሸሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ሳልፈልግ ግን ቀሐን እንደገና አየሁት። ካልሲው የወለቀበት ግራ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለው። ጠባሳው ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ ታሪኩን ባወራሁ ቁጥር አይቼዋለሁ። ባሌ በታመመባቸው ወራት እግሩን በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንዲት ጭረት አልነበረበትም።

ጠባሳው የማን እንደሆነ አወቅሁ። መምህራን ማሠልጠኛ አብሮኝ የተማረ፣ ሽማግሌ ልኮ አባቴ የመለሰው ሰው ነው። አዘዞ ይኖራል። በሠልስቱ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎኝ፣ ከንፍሮው ቆንጥሮ ሄዷል። አርባ ቀን ሙሉ ያስፈታሁት እሱን ነበር።

ለባሌ እህት ይህንንም ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም።

«የቆመውን ቀበርሽ፣ የሞተውን ሜዳ ላይ ጣልሽ» አለች።

«ስሙን ንገሪኝ፣ እባክሽ።»

«ለቄሱ እነግራለሁ። አንችማ ደግሞ ለማን ትሰጭው ይሆን?»

ገብታ በቄሱ ጆሮ ተናገረች። ቄሱ ቀና ብለው አላዩኝም። ፍትሐቱ እንደገና ተጀመረ። ስሰማው «አዎ፣ ይህ ነው» የምል መስሎኝ ነበር፤ የሆነ ቦታ ተኝቶ ይሆናል፣ ሲጠራ ይነቃል ብዬ። ዲያቆኑ ጠራው። የማላውቀው ሰው ስም ነበር። እህቱ ገና መርዶ እንደተነገራት ጮኸች፤ እኔ ደረቅ ዓይኔን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ሰው ሁሉ አየኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ባሌ ትዝ በሚለኝ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። በብዙዎቹ ጫማ አድርጓል።

ስሙን ጽፌ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ አስቀምጫለሁ። በየጠዋቱ ወረቀቱን ሳልገልጥ ልጠራው እሞክራለሁ። አፌ ላይ የሚቀድመው የአዘዞው ሰውዬ ስም ነው። ያኔ ወረቀቱን አወጣና ለባሌ አንብቤ እጸልይለታለሁ።