የአባባ ጭራና የሐይቁ ባስ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ የሐይቁን ዳር ይዤ ነዳሁ። ትራፊኩ ሲያስመርረኝ ሁልጊዜ የማደርገው ነው፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ልቤ ያርፋል። ሱዋርድ ፓርክ ጋ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ትንሽ ልራመድ ብዬ ስወርድ፣ ውሃው ላይ ካጎነበሰ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው መንጠቆ ያለው የዓሣ ማታለያ ነው። አንዱ ምስኪን ሲወረውር ዛፍ ይዞበት፣ ጎትቶ ጎትቶ ሲያቅተው ክሩን በጥሶ ሄዷል። ሐምራዊ ጎማ፣ ቅጠል የሚመስሉ ሁለት ብረቶች፣ ከሥሩ የተንዠረገገ ቢጫ ነገር። በዚህ ዓለም ላይ እንዲህ የሚመስል የሚበላ ፍጥረት የለም።

«ይሄን ዓሣ ምን ብሎ ይነክሰዋል?» አልኩ ለራሴ። ካልኩ በኋላ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጥያቄው የአባቴ የአባባ ነዋ። ፎቶ አንስቼ ለልጄ ላኩላት። ልጄ የምትኖረው እዚሁ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ነው፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ግን ሥራ በዛ፣ ዘነበ፣ ደከመኝ እያለች ገናና ፋሲካ ካልሆነ አትመጣም። ለመልእክት መልስ ለመስጠትም አትቸኩልም። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አባባን ወደ ሲያትል ያመጣኋቸው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ገና አላገባሁም፤ ቢከን ሂል ላይ ትንሽ ቤት ተከራይቼ፣ ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ እየሠራሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ስለቀሩ የግሪን ካርዱን ጣጣ ጨርሼ አስመጣኋቸው። እውነቱን ለመናገር ብቻዋን የሆነችው እኔም ነበርኩ። ከሥራ ስገባ መብራት አብርቶ የሚጠብቀኝ ሰው አምሮኝ ነበር።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወንጀል ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ወጡ እንጂ ዳኝነቱ ከሳቸው አልወጣም፤ ወጡ ጨው በዛበት ብትሏቸው እንኳ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ሻንጣቸውን ስፈታ ከልብሱ ሁሉ በላይ የተቀመጠው ከአባታቸው የወረሱት ነጭ የፈረስ ጭራ ነበር፤ ያ ሽማግሌዎች ዝንብ የሚያባርሩበት።

«አባባ፣ እዚህ እኮ ዝንብ የለም» አልኳቸው።

«ቢመጣስ?» አሉኝ።

የመጡበትን ሐምሌ እንደምንም ገፉት። ነሐሴ ሲገባ፣ አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር ሆነው፣ ጭራውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ «የሺ፣ ቤትሽ ጥሩ ነው። ያንቺም እንክብካቤ አልጎደለብኝም። ግን እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? አንቺ ስትወጪ ሶፋው ላይ ነኝ፣ ስትመለሽም ሶፋው ላይ ነኝ። መስቀልን አብረን እናክብርና እሄዳለሁ» አሉ። የመመለሻ ትኬታቸውን ቀን ራሳቸው ኮል አድርገው አስቆርጠውታል። ልከራከር አልሞከርኩም፤ ከሳቸው ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅማ።

ከጎናችን ሩበን የሚባል ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነበር፤ በወጣትነቱ የመርከብ ምግብ አብሳይ፣ በጡረታው ዓሣ አጥማጅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡን ከፍቶ እርሳስ ያቀልጣል፤ መንጠቆ ላይ ላባና ጸጉር ያስራል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ አባባ በሩ ላይ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ነገር አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ባለ ነጠብጣብ ነበር። አባባ ከሕግ መጻሕፍት በተማሩት ቀስ ያለ እንግሊዝኛ፣ ይሄ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት።

«ባስ ለሚባል ዓሣ ማታለያ ነው» አለ ሩበን።

«ማታለልማ ወንጀል ነው» አሉ አባባ ፈገግ ሳይሉ። «ምን አስመስለህ ነው የምታታልለው?»

«ምንም አላስመሰልኩም።»

«ምንም ካልመሰለ ለምን ይነክሰዋል?»

ዳኛ እንደነበሩ ስለነገርኩት «ጀጅ» የሚላቸው ሩበን መነጽሩን አወለቀ። «አንዳንዴ ርቦት፣ አንዳንዴ ተናዶ። አንዳንዴ ደግሞ ምን እንደሆነ ለማወቅ። ዓሣ እጅ የለውም ጀጅ፤ ያላወቀውን ነገር የሚነካው በአፉ ነው።»

አባባ ጭራቸውን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወሩና ወደኔ ዞረው በአማርኛ፣ «ለአንድ ድርጊት ሦስት ምክንያት? የትኛው እንደሆነማ መታወቅ አለበት» አሉ። በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሳ ሶፋው ባዶ ነበር፤ አባባ ሩበን ጋራዥ ገብተዋል።

የመጀመሪያ ሥራቸው ሩበን የሰጣቸው የጥድ እንጨት ነበር። እንደ ሩበን ምንም በማይመስል ነገር አላመኑም፤ ዓሣ ዓሣን ይበላል፣ ስለዚህ ዓሣ እንሥራ አሉ። ሳምንት ሙሉ ፋቁት። ቅርፊቱን በኔ የጥፍር ቀለም አንድ በአንድ ሣሉለት። ሩበን አንዳንድ ማታለያ ሆዱ ውስጥ የሚንኳኳ ነገር እንዳለው ሲነግራቸው ደግሞ ሆዱን ፈልፍለው የገብስ ቆሎ ከተቱበት፤ ስንነቀንቀው እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። ሐይቁ ላይ ቀኑን ሙሉ ወረወሩት፤ ዓሣ የሚባል ዞር ብሎም አላየው። ሲመሽ ውሃ የገባበት ቆሎ አብጦ እንጨቱን ለሁለት ሰነጠቀው።

«ምስክራችን ፈነዳ» አሉ አባባ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሶ፣ እኔም ነገሩ ውስጥ ገባሁ። የፓርኪንጉ ቲኬት መቁረጫ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ስለ ዓሣ ዓይን አስባለሁ። ሩበን ሰማዩ ሲጠቁር ጥቁር ማታለያ ምረጪ ሲለኝ አልገባኝም፤ በጨለማ ደማቅ አይሻልም እንዴ? ዓሣው ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው አለኝ። እንግዲህ እኛም ከታች ወደ ላይ እንይ ተባለ። አንድ እሑድ ትልቁን የመስተዋት ሳህን ውሃ ሞልተን ጠርዙን በሁለት ወንበሮች ላይ አስደግፈን አስቀመጥነው፤ እኔ ወለሉ ላይ ተንጋልዬ ከሥሩ አያለሁ፣ አባባ ከላይ ማታለያዎቹን አንድ በአንድ ይነክራሉ። እውነትም ቀይና ሰማያዊ ብዙም አይለዩም፤ ጥላቸው ነው የሚታየው። የጥፍር ቀለም ድካማችን ሁሉ ገደል ገባ።

ያኔ ነው ዝንብ የመጣው። ከመንገድ ዳር የለቀምነው ብላክቤሪ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሽታው ስቦት መሰለኝ። አባባ ሁለት ወር የጠበቁት ቀን ደረሰና ጭራውን ሲወዘውዙት ጫፉ ሳህኑ ውስጥ ገባ። እኔ ከሥር ሆኜ አየሁት። ጸጉሩ ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ እጃቸው ቆሞ እንኳ እሱ ይተነፍሳል፤ ይሰበሰባል፣ ይበተናል።

«አባባ፣ እንዳያወጡት!»

«ምን ሆንሽ?»

ተነስቼ ጭራውን ያዝኩላቸውና እሳቸውን ከሥር አስተኛኋቸው። ብዙ አዩ። ከዚያ ተነስተው መቀስ አምጪ አሉኝ። የአባታቸውን ጭራ በራሳቸው እጅ ከጫፉ ቆረጡ፤ ሩበን አቅልጦ መንጠቆ ላይ ባፈሰሰው የእርሳስ ጉልላት ላይ በጥቁር ክር አሰሩት። ከሩጫ የተመለሰ አይጥ ይመስል ነበር።

መስቀል አለፈ። በረራው ማክሰኞ ነበር፤ የቀረን አንድ ቅዳሜ ነው። ያን ጠዋት ካፊያ እየጣለ ከሩበን ጋር ከድንጋዮቹ ላይ ቆምን፤ አባባ ኪሳቸው ውስጥ ቆሎ ነበራቸው፣ ለሩበንም ይዘግኑለታል። እኔ ግን ምጥ ላይ ነኝ። ዓሣው ሲነክስ ለማየት እንደ ሕፃን ጓጉቻለሁ፤ ከነከሰ ደግሞ ጉዳዩ አለቀ፣ የሚያስቀራቸው ነገር የለም። አትንከስ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

ነከሰ። ዘንጉ ጎበጠ፣ አባባ ሁለት እርምጃ ወደ ውሃው ተጎተቱ፣ ሩበን በቀበቷቸው ያዛቸው። ወጣ፤ አረንጓዴ ወርቅማ፣ ዓይኑ ቀይ፣ አፉ ጥግ ላይ ያ ነጭ ጸጉር። አባባ ሩበን እንዳስተማራቸው እጃቸውን አርጥበው ያዙት፤ ፊቱን ትክ ብለው አዩትና መልሰው ለቀቁት። ሩበን አጨበጨበ። እኔ እስከ ማክሰኞ የቀሩትን ቀናት ቆጠርኩ።

በመኪና ስንመለስ አባባ ማታለያውን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ አዩት።

«ነከሰ» አሉ በመጨረሻ።

«ነከሰ አባባ።»

«ለምን ነከሰ?»

«እንጃ።»

«እኔም አላወቅሁም። ርቦት ይሁን ለማወቅ፣ ፊቱ አይናገርም። ሩበን እንደሚለው ጸደይ ላይ ጎጆውን ሲጠብቅ የሚነክሰው በቁጣ ብቻ ነው። ያን ሳላይ፣ በአንድ ምስክር እንዴት እፈርዳለሁ?»

«ታዲያ ማክሰኞስ?»

«ለሚያዝያ ቀጥሬዋለሁ። አየር መንገዱ ጋ ኮል አድርጊልኝ።»

መኪናውን ዳር አስይዤ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉ ጭራቸውን እያስተካከሉ። «ቀጠሮ ነው እኮ።»

ሚያዝያ መጣ፣ ባሱ ነከሰ፣ አባባ ሌላ ጥያቄ አገኙ። እንዲህ ከዓመት ዓመት እየቀጠሩ ሠርጌን አዩ፣ ልጄን አቀፉ፣ መዝገቡ ሳይዘጋ እኔው ቤት አረፉ። ጭራው ዛሬም አለ፤ በአንድ ወገን ሳስቷል። ዓሣው ለምን እንደሚነክስ ማወቅ ፈልገው ነው የቀሩት ወይስ የኔን ፊት አይተው? ጠይቄያቸው አላውቅም። ብጠይቃቸው ምናልባት ለአንድ ድርጊት ሁለት ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ያምኑልኝ ነበር።

ካፊያ ሲጀምር ከድንጋዩ ተነሳሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ልጄ ናት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ማሚ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው፣ ዓሣ ይሄን ለምን ይነክሳል ብላለች። ርቦት፣ ተናዶ፣ ወይም ለማወቅ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አጠፋሁትና፣ «አላውቅም። ቅዳሜ ነይና አብረን እንየው» ብዬ ላክሁላት።

መኪናዬ ጋ ሳልደርስ መለሰች፦ «ስንት ሰዓት?»